ሟቹን ለቀቅ አድርጉት

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የአሜሪካን ፉትቦል ትቶ ወታደር የሆነውን የፓት ቲልማንን ፎቶ እየለጠፋችሁ ሰው መሳደቡን ተዉት።

የሬንጀር (የልዩ ጦር) ቆቡን ደፍቶ ካሜራውን ትክ ብሎ የሚያይበትን ፎቶ ማለቴ ነው። ከሥሩ የምትጽፉትንም አነባለሁ። «ሚሊዮን ዶላር ጥሎ ለሀገሩ ሞተ፣ አንተ ግን ባንዲራ ፊት ትንበረከካለህ!» ትላላችሁ፣ መዝሙር ሲዘመር ለተቃውሞ የሚንበረከኩትን ተጫዋቾች። ሌላው ደግሞ ከታች ይመጣና «አይ ሞኙ! ያን ያህል ብር ትቶ?» ይላል። ሁለታችሁም ሰውየውን አታውቁትም። ማወቅም የፈለጋችሁ አትመስሉም።

እስቲ ልንገራችሁ። ቲልማን በ1998 ለኤንኤፍኤል፣ ለአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ማለት ነው፣ ሲመረጥ 226ኛ ነው የወጣው። ማንም ብዙ አልጠበቀበትም። ለአሪዞና ካርዲናልስ ክለብ ሴፍቲ (የኋላ ተከላካይ) ሆኖ ተጫወተ፣ ስሙም ገነነ። በ2001 ሴንት ሉዊስ ራምስ ለአምስት ዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርብለት እምቢ አለ። ያመነኝን ክለብ አልለቅም ነው ነገሩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ካርዲናልስ ራሱ ያቀረበለትን የሦስት ዓመት 3.6 ሚሊዮን ዶላር ትቶ ጦር ሠራዊት ገባ። ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበር። የቤዝቦል ተጫዋች የነበረው ወንድሙ ኬቨንም አብሮት ተመዘገበ።

እኛ ይህ ነገር ግር ቢለን አይፈረድብንም። አበበ ቢቂላም ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። እኛ ሀገር ጦሩ ራሱ ነው ሯጩን ደሞዝ ከፍሎ የሚያስሮጠው። ስፖርቱን ጥሎ ወደ ጦሩ የሚሄድ ሰው ብዙም አላየንም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ቲልማን ስለ ውሳኔው ለጋዜጠኛ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቃለ ምልልስ ሲጠየቅ እምቢ አለ። እንደማንኛውም ምልምል ልቆጠር አለና ገባ። በ2003 ወደ ኢራቅ ተላከ። ያንን ጦርነት እንደማይደግፍ አብረውት የነበሩ ወታደሮች መስክረዋል። ግን የፈረመውን ሦስት ዓመት ሳይጨርስ አልወጣም አለ። «ሀገር ወዳድ ማለት የታዘዘውን ሁሉ የሚደግፍ ነው» ለምትሉት ይህ አይመቻችሁም። «ጦር የገባ ሁሉ ጭፍን ነው» ለምትሉትም እንደዚያው። ለዚህ ይሆናል ይህን ሁላችሁም የምትዘሉት።

ኤፕሪል 22 ቀን 2004፣ አፍጋኒስታን፣ ኮስት አውራጃ። አንድ ሃምቪ የጦር መኪና ተበላሸ። በዚህች ብልሽት ምክንያት ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ የመጣው ግማሽ በጠባብ ገደል ውስጥ ሲያልፍ ተኩስ ተከፈተበት። እነሱም መተኮስ ጀመሩ። ቲልማን ከኮረብታው ላይ ሆኖ «የእናንተው ነን» ለማለት የጭስ ቦምብ ወረወረ። አልተረፈም። የገደሉት የራሱ ጓዶች ናቸው። አጠገቡ የነበረ አንድ አፍጋኒስታናዊ ወታደርም አብሮ ሞተ። የእሱን ፎቶ የለጠፈ አንድም ሐበሻ አላየሁም።

«ጦርነቱን ስለተቃወመ ሆን ብለው ነው ያስገደሉት» የምትሉም አላችሁ። በ2007 ይፋ የሆነው ምርመራ ይህን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይበቃል። የተረጋገጠው ራሱ ያማል፣ ሌላ አትጨምሩበት።

የተረጋገጠው ይኸውላችሁ። የለበሰው ልብስና የጥይት መከላከያው ተቃጠለ። ማስታወሻ ደብተሩም ተቃጠለ። አጠገቡ የነበረው ሌላው፣ አሜሪካዊው ወታደር፣ ለቲልማን ወንድም ለኬቨን ምንም እንዳይናገር ታዘዘ። ኬቨን እኮ የዚያው ክፍል አባል ነው! ያን ቀን ከኋላ በሚመጡት መኪኖች ውስጥ ነበር። ለሲልቨር ስታር የጀግንነት ሜዳሊያ የተጻፈው ጽሑፍ በጠላት ተኩስ የወደቀ አስመሰለው። ኤፕሪል 29 ጄኔራል ስታንሊ ማክሪስታል ለበላዮቻቸው መልእክት ላኩ። በወገን ተኩስ ሳይሞት እንዳልቀረ፣ ትላልቆቹ ባለሥልጣናት በንግግራቸው ነገ የሚያሳፍር ነገር እንዳይናገሩ አስጠነቀቁ። አለቆች ይጠንቀቁ ማለት ነው። ለእናቱ ግን የተላከ መልእክት የለም። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሜይ 3፣ ሳን ሆሴ ላይ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ቤተሰቡ እንባውን እያፈሰሰ ሐሰቱን አብሮ ሰማ። እውነቱ የተነገራቸው በወሩ መጨረሻ ነው፣ ከሞተ አምስት ሳምንት ገደማ አልፎ።

ይህን ሳወራ አንድ መልስ ደጋግሞ ይመጣብኛል። «እኛስ መርዶ እንደብቅ የለ?» ትሉኛላችሁ። «ለቤተሰቡ አዝነው ነው» ትላላችሁ።

ኧረ በሕግ አምላክ! የመርዶን ወግ እኮ እናውቃለን። በእኩለ ሌሊት ስልክ ደውለን ሰው አናስደነግጥም። ትልልቅ ሰው ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይነገራል፣ ማለዳ በር ይንኳኳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ልጅ አባቱ አዲስ አበባ ሲሞቱበት «ትንሽ አሟቸዋል» እየተባለ ይሰነብታል። አጎት ይጠራል፣ የልብ ጓደኛ ይፈለጋል፣ ሥራ የሌለበት ቀን ይመረጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለሐዘንተኛው ተብሎ ነው። መርዶ ነጋሪ ቀን ያዘገያል እንጂ አሟሟት አይፈጥርም። የሟቹን ልብስ አያቃጥልም። ወንድሙ እንዳይሰማ ምስክር አፍ አያስይዝም። እዚህ የተዘገየው ለማን ሲባል ነው? ያ የፀደይ ወቅት ለጦሩ ክፉ ነበር። አሜሪካውያን ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ እስረኞችን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩት የአቡ ግራይብ እስር ቤት ፎቶዎች የወጡት በዚያው ሳምንት ነው። ጀግና በጣም ያስፈልግ ነበር። ወጋችሁን ለዚህ ሽፋን አታድርጉት።

እናቱ ሜሪ ቲልማን ግን አልተቀመጡም። በጥቁር ቀለም የተሰረዙ ሰነዶችን እያገላበጡ፣ ከተሰረዘው መስመር ሥር የማን ስም እንዳለ አንድ በአንድ ለማወቅ ታገሉ። የወታደር እናት ስለሆኑ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ዝም እንዲሉ ይጠበቅ ነበር። በኤፕሪል 2007 ከኬቨን ጋር የአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው መሰከሩ። አንድ ጡረታ የወጡ ሌተና ጄኔራል በይፋ ተወቀሱ። በወንጀል የተከሰሰ ግን የለም።

በመታሰቢያው ዕለት ታናሽ ወንድሙ ሪቻርድ ሰው ሁሉ «ከአምላክ ጋር ነው» ሲል ተነሥቶ ፓት ሃይማኖተኛ እንዳልነበረ ተናገረ። በቴሌቪዥን፣ ያ ሁሉ ባለሥልጣን በተቀመጠበት። እኛ ለቅሶ ቤት ይህን የሚል ሰው ብናገኝ ከድንኳን እናስወጣው ነበር። እኔም የማወጣው ይመስለኛል። ግን ስንት ሰው ሟቹን እንደየፍላጎቱ በሚጠፈጥፍበት ቦታ አንድ እንኳ እንደነበረው የሚያስታውሰው ማግኘቱ ደግ ነው።

በ2017 ተጫዋቾች መዝሙር ሲዘመር የመንበርከካቸው ክርክር ሲጦፍ ፎቶው እንደገና ወጣ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሳይቀሩ አጋሩት። ሚስቱ ማሪ አገልግሎቱን ሰው ለመከፋፈያ አታድርጉት ብላ በይፋ ጠየቀች። ያገባችው እሷ፣ ያለቀሰችለት እሷ። እናንተ ግን እስከ ዛሬ ታጋራላችሁ።

«እኛን ምን አገባን፣ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» እንዳትሉኝ። ዜግነት ስትወስዱ እጃችሁን አንሥታችሁ የማላችሁት መሐላ ውስጥ ሕግ ሲያዝ ለአሜሪካ መሣሪያ አነሣለሁ የሚል አለበት። ያኔ አብዛኛው ሰው ልቡ ፎቶ መነሣቱ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ልጃችሁም መመዝገብ ይችላል። የሚመዘገቡም አሉ። ለትምህርት ክፍያው ብሎ የሚገባ አለ፣ ለዜግነቱ ብሎ የሚገባ አለ፣ እንደ ቲልማን ከልቡ አምኖበት የሚገባም አለ። ሁሉም መብታቸው ነው። እናንተ ግን ልጁ ዩኒፎርም በለበሰ ማግሥት ፎቶውን ለክርክር ታወጡታላችሁ፣ የሚያስበውን ግን አትጠይቁትም።

ቲልማን ወታደራዊ ቀብር እንደማይፈልግ በጦሩ ፎርም ላይ በጽሑፍ አስፍሮ ነበር። ከሞትኩ ለሰልፍ ያወጡኛል ብሎም ለጓደኛው ስጋቱን ነግሮት ነበር። ልጃችሁም ተመሳሳይ ፎርም ይሰጠዋል። ሲሞላው አጠገቡ ተቀመጡ። «ሟርት አታውራብን» ብላችሁ አትነሡ። መርዶው ለማን ይነገር? ቄስ ይምጣ አይምጣ? ጋዜጠኛ ቢመጣ ማን ይናገር? ጠይቁት።