የበቅሎን መንገድ «ፉትዌይ» የሚል ካርታ
አሁንስ በዛ! በሰሜን ተራሮች በቅሎ የቱሪስት ጓዝ ተሸክማ የምትመላለስበትን መንገድ «ፉትዌይ» ብሎ መመዝገብ ምን ይሉታል? እሷስ ዕድለኛ ናት፣ ካርታ አታነብም። ማንም ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ፣ «ፉትዌይ» በዋናነት የእግረኛ ነው፤ አቅጣጫ ጠቋሚው ፈረሰኛና ብስክሌተኛን ዙሩ ሊል ይችላል። ሁሉም ለሚጋሩት መንገድ «ፓዝ» አለ አይደል? ከሥሩ ማን እንደሚያልፍበት «ፉት» (እግረኛ)፣ «ባይሲክል» (ብስክሌት)፣ «ሆርስ» (ፈረስ) ብሎ ለየብቻ መሙላት። ሦስት መስመር ነው፣ ሦስት! በየመስመሩ የሚሞላው «ዴዚግኔትድ» (የተመደበ) ደግሞ ለዚያ ተጓዥ በምልክት ለተለየ መንገድ እንጂ ላማረን ሁሉ አይጻፍም፤ ማለፍ ከተፈቀደ «የስ» (አዎ) ይበቃል። ሌላው መዝጋቢ ጭራሽ «ትራክ» (የእርሻ ወይም የደን መኪና መንገድ) ይለዋል። አራት ጎማ በማያስኬድ ገደል ላይ መኪና ሊነዳ ነው? ስፋቱስ? ድንጋይ ይሁን ጭቃ ማን ይንገረን፣ በቅሎዋ?