ይድረስ ለክቡር የኮርስ መምረጫ ቅጽ

ጉዳዩ፦ አውቀው የዘለሏቸውን ነገሮች በተመለከተ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እዚህ አሜሪካ በሚመጣው ዓመት ሃይስኩል የሚገባ ልጅ ያለበት ቤት እንደሚሆነው ሆነን አለን።

እርስዎ ዘንድሮም እንደ አምናው ነዎት። ጃንዋሪ ወይም ፌብሯሪ ላይ ብቅ ይላሉ። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሰባት ሳጥን፣ ከሥር የወላጅ ፊርማ። አራቱ ሳጥኖች አስቀድመው ተሞልተዋል፦ ኢንግሊሽ 9፣ አንድ ሂሳብ፣ ባዮሎጂ፣ ወርልድ ሂስትሪ። ሦስቱ ባዶ ናቸው። ልጁ ከቦርሳው ሥር ሲያከርምዎት ይቆይና በማስረከቢያው ዋዜማ ማታ ያወጣዎታል፤ እናት ደግሞ የሙዚየም ጉብኝት ፈቃድ መስሏት ትፈርማለች። እርስዎም የአራት ዓመት ጉዳይ በአንድ ፊርማ ጨርሰው በማግስቱ ወደ ቢሮዎ ይመለሳሉ።

ትልቁ ብልሃትዎ ጥያቄዎ ላይ ነው። «ለሚቀጥለው ዓመት ምን ይሁንልህ?» ይላሉ፣ ሻይ ወይስ ቡና እንደሚል አስተናጋጅ። «12ኛ ክፍል ላይ የት መድረስ ትፈልጋለህ?» የሚለውን ግን ከሰባቱ ሳጥኖችዎ በአንዱም ፈልገን አጣነው። ያለ እሱ መልስ የተሞላ ቅጽ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍልን ያሳምርና አሥራ አንደኛ ላይ ያስለቅሳል።

ሂሳብን ይውሰዱ። በብዙ ትምህርት ቤት ደረጃው የታወቀ ነው፦ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። አሁን ይቁጠሩ። 9ኛን በአልጀብራ 1 የጀመረ ልጅ 12ኛ ላይ ፕሪካልኩለስ ይደርስና እዚያው ይመረቃል። ካልኩለስ የሚደርሰው አልጀብራ 1ን 8ኛ ክፍል ጨርሶ 9ኛን በጂኦሜትሪ የጀመረው ነው። ኢንጂነር እሆናለሁ የሚለው ልጅ ይህን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ 11ኛ ክፍል ላይ፣ ያውም ከጓደኛው ነው። መውጫ የለም አንልም። 10ኛ ላይ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል፤ ዋጋው አንድ የምርጫ ሳጥን ነው። አንዱን በሰመር መጨረስም አለ፤ ነገር ግን የዓመቱን ትምህርት በጥቂት ሳምንት ስለሚያስሮጥ፣ በደንብ ላልጸናበት ልጅ ዕዳው በሚቀጥለው ኮርስ ላይ ይመጣል።

ተቃራኒውም ስሕተት ከእርስዎ ሳጥን ይወጣል። 8ኛ ላይ አልጀብራ 1ን በሲ ያለፈን ልጅ «እንኳን አለፈ» ብሎ መግፋት። ይህ ልጅ ጂኦሜትሪን ላይወድቅ ይችላል፤ እዚያ ፋክተሪንግን የመሰለ የአልጀብራ 1 ሥራ ያን ያህል አይፈተንም። የሚሰበረው አልጀብራ 2 ላይ ነው፤ ኮርሱ ልጁ የአልጀብራ 1ን ኳድራቲክ እንደሚያውቅ ቆጥሮ ገና ከጅምሩ ይገሰግሳል። እንዲህ ላለው ልጅ አልጀብራ 1ን መድገም ውርደት ሊመስል ይችላል። በእኛ ግምት ግን በአልጀብራ 2 ዲ ከማምጣት አሥር እጅ ይሻላል። ካልኩለስም ለሁሉ አይደለም፤ ወደ ቢዝነስ ወይም ወደ ማኅበራዊ ጥናት ለሚያዘነብል ልጅ ጥሩ የስታቲስቲክስ ኮርስ ምንም አይጎድልበትም።

ስለዚህ ልጆቹ እርስዎን ከመንካታቸው በፊት ባዶ ወረቀት አምጡ እንላቸዋለን። 9፣ 10፣ 11፣ 12 የሚሉ አራት ዓምዶች፣ በየዓምዱ ሰባት መስመር። በእርሳስ። መሙላት የሚጀመረው ከ12 ነው፤ መጀመሪያ የመጨረሻው ሂሳብ፣ የመጨረሻው ሳይንስ፣ የሚፈለገው ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ኮርስ) ይጻፋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ እያንዳንዱ የሚፈልገውን እየጠየቁ። የእርስዎ ሰባት ሳጥኖች የሚሞሉት በስተመጨረሻ ከ9 ዓምድ ተገልብጦ ነው። ቢከፋዎትም።

ከአንዳንድ ኮርስ ጎን ስለምታበራው ኮከብስ ምን እንበል? ትርጉሟ «ይህን ለመውሰድ ሌላ ኮርስ ይቀድማል» ነው፤ የትኛው እንደሚቀድም ግን እርስዎ አይናገሩም። እሱ ያለው ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ፣ ማንም በማይከፍተው ረጅም ካታሎግ ውስጥ ነው። ኬሚስትሪ ብዙውን ጊዜ አልጀብራ 1 ያለቀለትን ይፈልጋል። 12ኛ ላይ ኤፒ አርት የሚያልም ልጅ አርት 1ን 9ኛ ወይም 10ኛ ላይ ካልያዘ ሕልሙ በኮከቧ ይቆረጣል። የኮርሱን ኮድም አደራ። ተራው ባዮሎጂና ኦነርስ (ከበድ ያለው ደረጃ) ባዮሎጂ የሚለያዩት በአንዲት አኃዝ ሊሆን ይችላል፤ አኃዟን ያሳሳተ ልጅ ይህን የሚያውቀው ኦገስት ላይ ፕሮግራሙ ሲደርሰው ነው።

ከሁሉ የምናደንቅልዎ ግን ከግርጌ በጉንዳን ፊደል «አማራጭ» ብለው የጣሏቸውን ሁለት መስመሮች ነው። ልጆች ሁሉ ባዶ ይተዉአቸዋል፤ አስፈላጊ ቢሆኑማ ጎላ ብለው በተጻፉ ነበር። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅጾቹን ሰብስቦ እያንዳንዱን ኮርስ ስንት ልጅ እንደጠየቀው ይቆጥራል። ጠያቂ ያነሰው ይሰረዛል። ጥቂት የጠየቁት በቀን በአንድ ፔሬድ ብቻ ይሰጣል። መምህር የሚመደበውም በዚሁ ቆጠራ ነው። ታዲያ የሙዚቃ ባንድም፣ ሮቦቲክስም፣ ሦስተኛ ዓመት ፈረንሳይኛም የጠየቀ ልጅ፣ ሦስቱም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ፣ ሁለቱ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ቢገጣጠሙ አንዱን ማጣቱ ነው። በጠፋው ምትክ ኮምፒዩተሩ የሚያስገባው አማራጭ ብሎ የጻፈውን ነው። ምንም ካልጻፈስ? ወንበር የተረፈበትን ክፍል። «ልጄን ማን እዚህ ክፍል አስገባው?» እያለ ሴፕቴምበር ላይ ለሚጮኽ ወላጅ መልሱ ያቺ ባዶ መስመር ናት። ስለዚህ አማራጮቹ ልጁ በእውነት ሊማራቸው የሚፈልጋቸው ይሁኑ፤ ደግሞም ቢያንስ አንዱ በብዙ ፔሬድ የሚሰጥ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ እሱም በተራው ይጋጫል።

የግማሽ ክሬዲት (ኮርስ ሲታለፍ ለመመረቂያ የሚቆጠረው ነጥብ) ጉዳይም አለ። ሄልዝና አንዳንድ ኢሌክቲቮች (የምርጫ ኮርሶች) የአንድ ሴሜስተር ብቻ፣ ማለትም 0.5 ናቸው። በአንድ ሳጥን አንዱን ብቻ የጻፈ ልጅ ለግማሽ ዓመት ቀዳዳ ይተዋል፤ እሱንም ያው ኮምፒዩተር ይደፍነዋል። ሁለት ግማሾች፣ አንድ ሳጥን።

ክሬዲት ከተነሳ አይቀር፣ ለመመረቅ ስንት እንደሚያስፈልግ ቢጽፉ ቀለም ያልቅብዎታል? ሜሪላንድ 21 ይላል፣ ከዚያ ላይ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ዋሽንግተን ስቴት 24 ነው፤ በቀን 6 ፔሬድ ያለው ትምህርት ቤት በ4 ዓመት የሚሰጠውም ልክ 24 ነው፤ አንድ ኮርስ የወደቀ ልጅ ትርፍ ቦታ ስለሌለው የሚከፍለው በሰመር ወይም በኦንላይን ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ሁለት ዲፕሎማ አለው፦ ስታንዳርዱ 22፣ አድቫንስዱ 26። አድቫንስዱ አንድ የውጭ ቋንቋ ለ3 ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋ ለ2፣ 2 ዓመት ይጠይቃል። አሁን ስፓኒሽን «ለከርሞ» ብሎ በሳጥንዎ ውስጥ ሌላ የጻፈ ልጅ ሳያውቀው የዲፕሎማውን ዓይነት እየመረጠ ነው።

መመረቅና ዩኒቨርሲቲ መግባትም አንድ አይደሉም። የካሊፎርኒያ ሕዝባዊ ዩኒቨርሲቲዎች 15 የአንድ ዓመት ኮርሶችን ቆጥረው ይጠይቃሉ፤ ሁሉም በሲ ወይም ከዚያ በላይ። ዲ ያመጣን ልጅ ሃይስኩሉ ያሳልፈዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንን ኮርስ እንዳልተማረ ይቆጥረዋል። በስፖርት ስኮላርሺፕ ዲቪዥን 1ን (ከፍተኛውን የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ለሚመኝም የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ 16 ዋና ኮርሶች ይፈልጋል፤ ከነሱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው። ኳስ ተጫዋቹ ልጅ በቀላል ኢሌክቲቭ ሳጥን የሚሞላ ከሆነ ጨዋታው ሜዳ ሳይገባ እያለቀ ነው።

ኦነርስ የሚሉት ነገር ላይ ወላጅና ልጅ ተኮራርፈው ያድራሉ፣ እርስዎ ዝም። በብዙ ትምህርት ቤት ኦነርስ ጂፒኤ (የውጤት አማካይ) ሲሰላ በኮርሱ ውጤት ላይ 0.5፣ ኤፒ ደግሞ 1 ነጥብ ይጨምራል፤ ኤ 4 መሆኑ ቀርቶ 5 ይሆናል ማለት ነው። ያጓጓል። ሂሳቡን ግን እስከ መጨረሻው እንሥራው፤ በኤፒ ሲ ያመጣ ልጅ 3 ያገኛል፣ በተራው ኮርስ ቢ ያመጣውም 3። ነጥቡ ያው ሆኖ እንቅልፉ ግን ያው አይደለም። ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ጂፒኤውን በራሳቸው መንገድ መልሰው ያሰሉታል። የኛ አስተያየት፦ 9ኛ ላይ ልጁ በሚበረታበትና በሚወደው አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ኦነርስ፤ የቀረው ተራ ይሁን፤ 10ኛ ላይ ይጨመራል።

ሰዓቱን በወረቀት መደመርም አይከፋም። ሦስት ኦነርስ እያንዳንዱ በማታ 45 ደቂቃ የቤት ሥራ ቢሰጥ፣ አራቱ ተራዎች 20፣ 20 ቢሰጡ፣ ድምሩ 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። ከስፖርት ልምምድ መጥቶ፣ በልቶ፣ ከምሽቱ 7፡00 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተቀመጠ ልጅ 10፡35 ይነሳል፤ ስልኩን አንዴም ካልነካ ነው እንግዲህ። ደቂቃውን ከጓደኛ ሳይሆን ከመምህሩ፣ ወይም ባለፈው ዓመት ከወሰደው ልጅ መጠየቅ ነው።

በቀን አራት ረዣዥም ክፍሎች ብቻ በሚሰጡበት፣ ኮርሱ በአንድ ሴሜስተር በሚያልቅበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሂሳብን በፎል የጨረሰ ልጅ የሚቀጥለው ሂሳብ በከርሞው ስፕሪንግ ቢደርሰው አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥር ሳያይ ይከርማል። ኤፒውን ጃንዋሪ የጨረሰም ፈተናው ሜይ ላይ ነው፤ ያነበበው አብሮት እስከዚያ መቆየቱን እንጃ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የገባ «በየትኛው ሴሜስተር?» ብሎ አሁን ይጠይቅ።

እንግሊዝኛ ገና እየተማሩ ላሉ ልጆች የእርስዎ ጸጥታ የባሰ ነው። ለእነሱ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ ኢሶል፣ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሳጥን ይወስዳል። እንደ እንግሊዝኛ ክሬዲት ነው ወይስ እንደ ኢሌክቲቭ የሚቆጠረው? ካውንስለሩን በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ የሚታየው ምረቃ ሲቃረብ ነው። ሂሳብ ግን በእንግሊዝኛው ምክንያት ዝቅ እንዲል መስማማት አይገባም። ከአገር ቤት ሲመጣ አልጀብራ ያለቀለት ልጅ ደብተሩንና ትራንስክሪፕቱን ይዞ የመመደቢያ ፈተና ይጠይቅ። ወላጅም አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ልጁ በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ከሆነ የሚተረጎመው የሚመቸው ብቻ ነው። አማርኛ አቀላጥፎ ለሚጽፍ ልጅ ደግሞ አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች በፈተና የቋንቋ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ከተገኘ ባዶ ሳጥን ይተርፋል። ይህንንም ጠይቀው ካላገኙት እርስዎ አይነግሯቸውም።

ካውንስለሩን አንወቅስም። የአሜሪካ ትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይሁን ይላል፤ በብዙ ቦታ ከዚያ ይበልጣል። ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ባለ አራት ዓምዱን ወረቀት፣ የ8ኛ ክፍል ውጤትና ሦስት የተጻፉ ጥያቄዎች ይዞ የገባ ይጠቀማል። «ምን ልውሰድ?» ብሎ የገባ ሁሉም የሚወስደውን ይዞ ይወጣል።

በመጨረሻም ስለ «ኋላ ይቀየራል»። ይቀየራል፣ አዎ፤ ብዙውን ጊዜ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ያውም ቦታ ካለ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የወጣ ልጅ በብዙ ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕቱ ላይ ዳብልዩ (ኮርሱን አቋረጠ የምትል ምልክት) ትቀመጥበታለች። የመቀየሪያው የመጨረሻ ቀን እርስዎ ላይ ቢታተም ደስ ይለን ነበር። ቦታ ከጠበበዎት የማስኮቱን ሥዕል ያንሱት።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የልጆቹ አጋዦች

ግልባጭ፦
ለ«ጓደኞቼ ሁሉ እሱን መርጠዋል»፦ ኮርሱ አንድ ቢሆንም ኮምፒዩተሩ በተለያየ ፔሬድና መምህር እንደሚበትናቸው እንዲታወቅ።
ለ«ዶክተር ነው የምትሆነው»፦ ባዮሎጂ በአራቱ የታተሙ ሳጥኖች ውስጥ ስላለ ዘንድሮ ተጨማሪ ትእዛዝ አያስፈልግም።