መጋረጃ ለሚገልጡ ወገኖቼ

የደሴ ሰዎች ሆይ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚህ ዓመት መስከረም 22 ቀን፣ ከግሸን ማርያም ክብረ በዓል ማግስት፣ በከተማችን የተደረገውን አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ሰምቶ ሲያበቃ «ይህማ ምን ይደንቃል» የሚል ከመካከላችሁ ቢገኝ፣ ተግሳጼ በተለይ ለእርሱ ነው።

እንደምታውቁት በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ወደምትገኝበት ወደ አምባሰል ከሚወጣው ምእመን ብዙው ሲሄድም ሲመለስም በደሴ ያልፋል። እኔም ከአዲስ አበባ የመጡ ስድስት እንግዶችን ተቀብዬ ነበር፤ አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው፣ የቀሩት የእርሱ ባልንጀሮች ናቸው። ጠዋት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ አሳየኋቸው፤ ስሙም ምን ማለት እንደሆነ፣ ማንም ሰው የማይናቅበት ቤት ማለት እንደሆነ በኩራት አስረዳኋቸው። ፒያሳ ምሳ በልተን እንደጨረስን ግን አንዱ «ዋና ዋናውን አይተናል፤ አሁን ሰው የማይደፍረውን ሰፈር አሳየን፤ እውነተኛው ደሴ ያለው እዚያ ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ ስለ ሌቦቹና ስለ ጠላ ቤቶቹ የሰማውን እያነሣ «አንተ ካለህ ማን ይነካናል?» አለ። የትኛውን ሰፈር እንደፈለጉ ታውቃላችሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ያለ ጥፋቱ የተሸከመው ስድብ ይበቃዋልና።

መንገዱን የመራሁት እኔ ነኝ። ከአስፋልቱ ወርደን፣ ክረምቱ በሸረሸረው መውረጃ ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ቁልቁል ሄድን። ቤቶቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ግድግዳቸውን ከሥር ጎርፍ በልቶታል፣ የጣራቸው ቆርቆሮ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖታል። እንግዶቼ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ጀመር፤ የተሰጣውን ልብስ፣ በአንድ ቧንቧ ፊት የተደረደሩትን ጀሪካኖች፣ የልጆቹን ባዶ እግር። አንዱ እንግዳ አንድ ትንሽ ልጅ ለፎቶ ቆሞ እንዲስቅ አዘዘው። ልጁ አልሳቀም። መቶ ብር ሲሰጠው ሳቀ፤ ፎቶው ያን ጊዜ ተነሣ።

ጥቂት እንደሄድን በር የሌለው ደጃፍ አገኘን፤ የተንጠለጠለበት መጋረጃ ብቻ ነበር። ከውስጥ የምጣድ ጭስ ይወጣል። ከእንግዶቹ አንዱ «ቤቶች» ሳይል፣ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ፣ በአንድ እጁ መጋረጃውን ገለጠው፤ በሌላው እጁ ስልኩን ይዟል።

አንዲት ሴት እናቷን በሳፋ እያጠበች ነበር። አሮጊቷ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ነበሩ። ሻሻቸው ወልቆ፣ ሽበታቸው በትከሻቸው ላይ ወርዷል። እኒህ እናት ዕድሜ ልካቸውን በባዕድ ወንድ ፊት ጸጉራቸውን ገልጠው የማያውቁ የወሎ ሙስሊም ናቸው። አልጮኹም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጃቸው የሚሸፈኑበትን ጨርቅ ሲፈልግ፣ መሬቱን ሲዳብስ፣ ሲያጣ አየሁ። ስልኩም ይህን ሁሉ ቀረጸ።

ልጃቸው ዘወር ስትል ከእንግዶቹ ኋላ እኔን አየችኝ። «መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች። ልጇን ሰባተኛ ክፍል አስተምረዋለሁ። ከዚያም፣ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ «አብሽሩ፤ እንግዳ ይዘው ነው፤ እናቴን ላልብሳትና ትገባላችሁ፣ ቡና አፈላለሁ» አለች።

ብትሰድበን እችለው ነበር። የሳፋውን ውኃ ብትደፋብን ይገባን ነበር። እርሷ ግን በገዛ ቤቷ ተዋርዳ ሳለ እኛን ከእፍረት ልታወጣ ሞከረች። እኔስ ምን መለስሁላት? «አይ፣ እንቸኩላለን» አልሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ መጋረጃውንም የመለሰችው እርሷ ናት፣ በሳሙና በረጠበ እጇ።

ማታ በእራት ላይ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ተቸግረውም እንዴት ደግ ናቸው!» ተባለ፤ ከመካከላቸው ዕንባ ያቀረረውም ነበር። ያ ዕንባ ውሸት ነው አልልም፤ ነገር ግን ያን ምስል ያጥፉት ዘንድ ያዘነው አላሰበም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ሙዚቃ ተጨምሮበት በቲክቶክ ወጣ። በሳምንቱ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አይተውታል። ቤቱን ያወቁት ልጆች ያን ተማሪዬን «ሳፋ» ብለው ሰየሙት። ዘጠኝ የትምህርት ቀን ቀረ።

ወገኖቼ፣ ጥፋቱን በአዲስ አበባ ሰዎች ላይ ጥላችሁ እንዳታርፉ እለምናችኋለሁ። እኛው ነን የምናሳያቸው፤ ያለ እኛ መሪነት ከፒያሳ ታች ያለውን መውረጃ አያገኙትም። ከእኛም ልጆች መካከል ለተመልካች ብዛት ሲሉ ስልካቸውን ይዘው ወደዚያ የሚወርዱ አሉ። ከዚህ የባሰውን ደግሞ የተማርን፣ የተከበርን የምንባለው እናደርጋለን፤ «ልጆቼ ያላቸውን እንዲያመሰግኑ ድሃ እንዴት እንደሚኖር ላሳያቸው» ብሎ በመኪና የሚያዞር አባት አውቃለሁ። የሰው እናት መራቆት ለልጅህ የምስጋና ትምህርት አይሆንም፣ ወንድሜ። ልጅህ ከዚያ የሚማረው ሰው በመስኮት የሚታይ ነገር መሆኑን ነው።

ይህ ነውር በእኛ አልተጀመረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የለንደን ባለጸጎች የድሆቹን ምሥራቃዊ ሰፈር ለማየት ሌሊት ይሄዱ ነበር፤ ዛሬም በናይሮቢ ኪቤራን፣ በሙምባይ ዳራቪን፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሮሲንሃን የሚባሉትን የድሃ ሰፈሮች በክፍያ የሚያስጎበኙ አሉ። የዛሬዎቹ ቢያንስ የሚያስገቡት በብዛት ከሩቅ የመጣ ባዕድ ነው። እኛ ግን ቡናዋን የጠጣነውን፣ እንጀራዋን የበላነውን ጎረቤታችንን ነው እንደ ባዕድ የምናያት።

«ካሜራ ባይኖር ወሎ አልቆ ነበር» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ ባያሳይ፣ በጥቅምት 1977 ከኮረም የተቀረጸው በዓለም ባይታይ፣ የመጣው እህል በዚያ ፍጥነት ባልመጣ። ነገር ግን በ1966 ካሜራው የገለጠው መንግሥት የደበቀውን ሞት ነበር። እኛ በመስከረም 22 የገለጥነው ማንም ያልደበቀውን ነው፤ ያ ሰፈር ከማዘጋጃ ቤቱም ከእኛም ቤት በእግር የሚደረስበት ነው፣ ጎርፉ በየክረምቱ ግድግዳውን እንደሚበላም ሁላችን እናውቃለን። ያን ምስል ካዩት ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ይዞ የወረደ አልሰማሁም። ይልቁንም የወሎ ሰው መታየት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ሊገባው በተገባ ነበር፤ ለዓመታት ስማችን በተጠራ ቁጥር በሰው ዓይን የሚመጣው የአጥንታችን ምስል ነበርና።

በ1977 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከሰሜን የመጡ የተራቡ ሰዎች በደጃችን ሲቀመጡ እናቴ ያላትን ቆርሳ ትሰጥና እኔን በክንዴ ይዛ ወደ ውስጥ ታስገባኝ ነበር። «የተራበ ሰው ሲበላ አፉ አይታይም» ትለኛለች። ይህን ያለችኝ ሴት ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ከዲፕሎማ አልፌ ዲግሪ የያዝሁ፣ የሰው ልጅ የማስተምር፣ ያን ቀን ከስድስት ሰዎች ኋላ ቆሜ አየሁ። መጋረጃውን የገለጠው እንግዳ ስለዚያ ቤት አንዳች አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። የቤቱ እመቤት በወላጆች ስብሰባ ከፊቴ ተቀምጣ ስለ ልጇ ሒሳብ ጠይቃኛለች። አንድ ቃል፣ «ተው!» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ በክፍል ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የምናገራት ቃል ናት። እንግዶቼን ላለማስቀየም ዋጥኋት። ስለዚህ ስቆጣችሁ ከእናንተ በላይ ቆሜ እንዳይመስላችሁ።

አባቶቻችን የታመመን፣ የታሰረን፣ ያዘነን ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ማየትን «መጠየቅ» አሉት። የሄደው ሰው ይጠይቃል፤ «እንዴት ዋላችሁ፣ ምን ጎደላችሁ» ይላል፣ መልሱንም እስኪሰማ ይቀመጣል፣ አቦሉንና ቶናውን አልፎ በረካውን ይጠጣል። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ትምህርት ቤቶቻችንን ሲሞሉ እንዲህ አድርገን ነበር እኮ። እንጀራና ብርድ ልብስ ተሸክመን ስንገባ በየክፍሉ ደጃፍ ቆመን «ቤቶች» እንል ነበር፤ የመማሪያ ክፍል ሳለ እንደ ሰው ቤት አከበርነው። ያን ያደረጉት እጆች ዛሬም በዚህች ከተማ አሉ፤ ገና አላረጁም።

ስለዚህ በሚመጣው መስከረም እንግዳ ሲመጣባችሁ የጦሳን ተራራ አሳዩት፤ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውሰዱት። ታችኛውን ሰፈር ልይ ካለ «እዚያ የምትጠይቀው ሰው አለህ?» በሉት። ካለው አብራችሁት ውረዱ፣ ስልኩን በኪሱ ያኑር፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጣራ። ከሌለው አትምሩት፤ ቢቀየምም ይቀየም። ምስሉ በስልካችሁ ያለ ወጣቶች ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉት። ይህን ሁላችሁ ትሰሙኛላችሁ ብዬ አይደለም፤ ከመቶ ሦስት ሰው ቢሰማኝ ሦስት መጋረጃ ይተርፋል ብዬ ነው።

ያ ተማሪዬ በአሥረኛው ቀን ተመለሰ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሳስተምር ደብተሩን እንጂ እኔን አያይም። ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ቤታቸው ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። በመጋረጃው ቦታ የቆርቆሮ በር ተገጥሟል። በመጀመሪያው ቀን «ቤቶች» ብዬ ብጣራ፣ የምጣዱ ጭስ እየወጣ፣ መልስ አላገኘሁም። በሁለተኛው ከበሩ ኋላ «ማነው?» አለች። «መምህሩ ነኝ» አልሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻም «እናቴ ተኝታለች» ብላ ዝም አለች፤ በዕድሜዬ በደሴ ደጃፍ ቆሜ፣ ባለቤቷ ሰምታኝ ሳለ፣ «ግቡ» ሳልባል የተመለስሁት ያን ቀን ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ እሄዳለሁ።