«ደጋ ነን» እያሉ በርሜል ማስሞላት

ባለፈው እሁድ ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ሥር ስብሰባ ነበር። አጀንዳው የውሃ ፈረቃ ነው። አንዲት እናት ድሬዳዋ ያለች እህታቸው ደንጊ የሚባለው፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የቫይረስ ትኩሳት ይዟት እንደነበር አነሱና «ይሄ የምናጠራቅመው ውሃ ቢንቢ አያመጣብንም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሊያስረዳን የመጣው ኃላፊ ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ እኛ እኮ ደጋ ነን። ከፈሩ ደግሞ አጎበር ዘርግተው ይተኙ» አላቸው። ሰው ሳቀ። እኔን ግን አበገነኝ።

ከአጎበሩ ልጀምር። ደንጊን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት ያላት ትንኝ ናት። የምትነክሰው ቀን ነው፣ ይበልጥ ደግሞ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ታዲያ ምን እናድርግ፣ አጎበር ተከናንበን የታክሲ ሰልፍ እንያዝ? ሰውዬው የወባን ምክር ነው ያነበነበልን። ስለየትኛዋ ትንኝ እንደተጠየቀ እንኳ አልገባውም።

ደጋነቱን ልስጠው፣ ብርድ አይመቻትም። ሰው ግን አውቶቡስ ይሳፈራል። ደንጊ ድሬዳዋን ያጥለቀለቃት በ2006 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሲመላለስ ኖሯል። እዚህ መጥቶ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሲጥለው «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ይባልና ዲክሎፌናክ ይወጋል። ደንጊ ከሆነ ደግሞ ዲክሎፌናክም፣ አይቡፕሮፌንም፣ አስፕሪንም ለደም መፍሰስ ያጋልጡታል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽ፣ የሐኪም ክትትል ነው እንጂ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። «ደጋ ነን» የሚለው ወሬ ሐኪሙንም ነው የሚያዘናጋው።

የሚያንገበግበኝ ግን በርሜሉ ነው። ውሃ እኛ ጋ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የምትመጣው። በረንዳዬ ላይ ሁለት ሰማያዊ በርሜልና አምስት ቢጫ ጄሪካን ተደርድሯል። አንዱ በርሜል ክዳኑ ተሰብሮ በፌስታል ነው የተሸፈነው። ኤደስ ደግሞ ረግረግ አትፈልግም፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ የቤት ውሃ ነው የምትወደው። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ውሃው ቢያልቅ፣ በርሜሉ ቢደርቅ፣ እንቁላሉ ወራት ይቆያል። ፈረቃ ደርሶ ሲሞላ ይፈለፈላል። ቆላ ላይ ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከሳምንት ብዙም አይዘል። አስቡት፣ ፕሮግራሙን ያወጣችው እሷ ራሷ ብትሆን እንኳ ከዚህ በላይ አይመቻትም! ስለዚህ በርሜልን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግና ግጥም አድርጎ መክደን ያስፈልጋል። ይህንን ለእኚያ እናት ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

ቧንቧው ሳይቋረጥ ቢመጣ ማን በርሜል ያቅፍ ነበር? ድሬዳዋም ላይ ትንኟ የተመቻት በየቤቱ በተጠራቀመው ውሃ ነው። ስለዚህ ጌታዬ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አጎበሩን ይተዉትና የፈረቃውን ሰሌዳ ይዘው ይምጡ። «በርሜል ክደኑ» የሚሉን ከሆነም የክዳኑን ዋጋ ከውሃ ቢላችን ላይ ይቀንሱልን። ቢሉ እንደሆነ ፈረቃ አያውቅም።