ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር

የድሬዳዋ ወገኖቼ፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ባዘጋጀው የሕግ ሴሚናር ላይ ከተገኛችሁት አብዛኞቻችሁ ያን ቀን እንደረሳችሁት አውቃለሁ። እኔ ልረሳው ቀርቶ ይቅር ልለውም አልቻልኩም፤ ይቅር ካላልኳቸውም ሰዎች የመጀመሪያው እኔው ነኝ።

የዕለቱ ርዕስ በትዳር ውስጥ የሚፈራ ንብረት ነበር። ጥናት አቅራቢው ወጣት መምህር ደክሞበት እንደመጣ ያስታውቃል፤ ነገር ግን የከተማችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ሳለ ግድግዳው ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ስለነበረ፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች በፕሮግራሙ ወረቀት ከማራገብ በቀር የተረፋቸው ነገር አልነበረም። (የድሬን የግንቦት አዳራሽ ለማያውቅ ሰው፣ ቬንትሌተሩም የሚረጨው ትኩስ አየር ነው።)

ጥያቄ ሲፈቀድ አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ከፌስታላቸው ውስጥ ለአራት የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አውጥተው ዘረጉና፣ «ባለቤቴ የምንኖርበትን ቤት ሸጦታል። እኔ አልፈረምኩም፤ ያወቅሁትም የጥምቀት ሰሞን ነው። ካርታው በእሱ ስም ስለሆነ መብት የለሽም ይሉኛል። እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። በዚያ አዳራሽ ከዚህ የጠራ የሕግ ጥያቄ አልተነሣም። አወያዩ ግን «እናቴ፣ ይሄ የግል ጉዳይ ነው፤ ወደ አጠቃላዩ እንመለስ» ብሎ ማይኩን አስወሰደባቸው። ከመሐል አንዱ «ባልሽን ጠይቂዋ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈር ሲጠርግ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ሳንጠይቅ የተጓተትን ሰዎች፣ አንዲት እናት ቤታቸው እንደሄደባቸው ሲናገሩ ሳቅን። እንዴት አስቻላችሁ?

መልሱ እኮ አጭር ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአዲስ አበባና በእኛው ከተማ በቀጥታ የሚሠራ ሕግ ነው። በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረቱ በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ በአንቀጽ 68 መሠረት ደግሞ የጋራ የሆነ ቤት ባልና ሚስት ሳይስማሙ አይሸጥም። ተሽጦ ከተገኘ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም አንቀጽ 69 ቀን ይቆርጣል፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ውሉን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ከጥምቀት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ቁጠሩት። ከሁለት ወር በላይ ቀርቷቸው ነበር።

እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ የተዘጋ ስንቱን መዝገብ በእጄ አስሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ሴትዮዋ ከእኔ ቢርቁ ሦስት ወንበር ነው። በሻይ ሰዓት እነግራቸዋለሁ አልኩ። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ግን የትራንስፖርት አበል የሚፈረምበት ወረቀት በሩ ላይ ተዘረጋ፤ ተሰለፋችሁ፤ እኔም ተሰለፍኩ። በአንድ እጄ ሳምቡሳ፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዤ ከፊቴ ያለውን ሰው «ቶሎ በል እንጂ» ስለው ትዝ ይለኛል። ፈርሜ ስወጣ ሴትዮዋ ባጃጅ ይዘው ሄደዋል። ሰፈራቸው የት እንደሆነ አንድ ሁለት ሰው ጠየቅሁና ተውኩት፤ ከምሳ በኋላ የበርጫ ቀጠሮ ነበረኝ።

ኅዳር ላይ ፍርድ ቤት በር፣ ጃንጥላ ሥር ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ አገኘኋቸው። ያንኑ ፌስታል ይዘዋል። ክሱን የከፈቱት ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍት ሲመለስ ጥቅምት ላይ ነው፤ የገዢው ጠበቃ ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ አነሣ፤ ሽያጩን ያወቁት በጥር መሆኑን ደግሞ በገዛ ማመልከቻቸው አስጽፈውታል። «ወንድሜ፣ ያን ቀን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም?» አሉኝ። መልኬን ለይተውት ይሁን፣ እንዲሁ ጠይቀውኝ ይሁን ዛሬም አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ስለ ካሣም ሆነ ስለ ሠራተኛ መብት በተደረጉት ሴሚናሮች ያየሁት ይኸንኑ ነው፤ ባነር፣ ንግግር፣ ሻይ፣ ፊርማ። ዩኒቨርሲቲው በሩን ከፍቶ ነበር፤ ገብተን የሚጠይቀውን ሰው ያሳፈርነው እኛ ነን። ያቺን ሳቅ የጀመረው ሰው ይህን ካነበበ፣ የተወረወረችው ቃል ስንት ክፍል ቤት እንዳወጣች ይወቀው። የኔ ዝምታ ዋጋ ግን ከእሱም ይበልጣል፤ እሱ ሕጉን አያውቅም ነበር።

በዚህ ወርም ሌላ ሴሚናር አለ ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጠበቆች፣ ጡረተኛ ዳኞች፣ የሕግ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ከፊት ወንበር ተነሥታችሁ ከእናቶች መሐል ተቀመጡ። ትመጣላችሁ ብዬ ብዙ ተስፋ አላደርግም፤ በራሴም ቢሆን ያን ያህል አልተማመንም። ብቻ አዋጁን በፌስታል ይዤ፣ በበሩ በኩል ካሉት ወንበሮች አንዱን እይዛለሁ። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል ሰው አጠገቤ ቢቀመጥልኝ ትልቅ ውለታ ነው።