አበባው ይቆየን፣ መጀመሪያ ግቢው

ግቢውን ማሳመር የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ የሚሄደው ችግኝ መሸጫ ነው። እዚያ ዓይን የሚስበው ደግሞ ያበበው ነው። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው ይገዛና ክፍት ቦታ በተገኘበት ይተከላል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግማሹ ይደርቃል፤ ሌላው ጎረቤቱን ውጦ ይንሰራፋል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ተደክሟል፣ ግቢው ግን አላማረም። ተክሎቹ ምንም አልበደሉም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። በእኔ እምነት አበባ መምረጥ የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት።

ከሁሉ በፊት ፀሐይዋን ይከታተሉ። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ቆመው ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። በቀን ውስጥ ለ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ለጽጌረዳ፣ ለላቬንደርና ለቡጋንቪላ ይሆናል። ሃይድሬንጃ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ይስማማታል። ፈርን ደግሞ ሌላው ሁሉ እምቢ ያለውን እርጥብ ጥላ ይወደዋል። ጥላ ውስጥ ጽጌረዳ ተክሎ ማዳበሪያ መደፋት ከንቱ ድካም ነው። የጎደላት ብርሃን እንጂ ምግብ አይደለም።

ቀጥሎ አፈሩ። እርጥብ አፈር አንድ እፍኝ ዘግነው ይጭመቁት። እጅዎን ሲከፍቱ ብትን ካለ አሸዋማ ነው፤ ውሃ አይዝም። እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ፣ በአውራ ጣት ሲገፉት ሳይቆረጥ ረዘም ብሎ ከወጣ ሸክላማ ነው። ከዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩና ውሃ ይሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ይሙሉትና ሰዓት ይያዙ። በሰዓት ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከቀነሰ ለአብዛኛው ተክል ይመቻል። በማግስቱም ውሃው እዚያው ከተኛ ግን ላቬንደርና ሮዝመሪ እዚያ አይሆኑም፤ ሥሮቻቸው ይበሰብሳሉ። ወይ መደቡን ከፍ ማድረግ፣ ወይ እንደ ካና ያለ እርጥበት የሚችል ተክል መምረጥ ነው። ለአሸዋማውም ለሸክላማውም ብስባሽ መድኃኒቱ ነው። የሃይድሬንጃ ስም ከተነሳ አይቀር፣ የአንዳንዶቹ ቀለም እንኳ ከአፈሩ ነው የሚመጣው። አሲዳማ አፈር ላይ ተክሉ አሉሚኒየም ማግኘት ስለሚችል አበባው ሰማያዊ ይሆናል፤ የአሲዳማ ተቃራኒ በሆነው በአልካላይን አፈር ላይ ያው ተክል ሮዝ ያብባል።

ሌላው የቁመት ነገር ነው። ችግኝ ሲገዛ የሚታየው የልጅነት መልኩ ብቻ ነው። ፋይከስ ቤንጃሚና ጉልበት የማይደርስ ሆኖ በትንሽ ማስቀመጫ ይሸጣል። አየሩ ተስማምቶት መሬት ላይ ከተተከለ ግን ከ15 ሜትር በላይ የሚሄድ ዛፍ ነው። ሥሩ ንጣፍ ያነሳል፣ ቧንቧ ያስቸግራል። ከመግዛትዎ በፊት ካደገ በኋላ ቁመቱና ስፋቱ ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ። ከግድግዳው ቢያንስ የሙሉ ስፋቱን ግማሽ ያህል ይራቅ።

ዲዛይን ሲባል ብዙ ሰው ወደ ንጣፍ ይሮጣል። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ መሸፈን ንጹሕ ያስመስለዋል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የተደፈነ መሬት ዝናብ አይጠጣም፤ ውሃው ወደ ቤቱ መሠረት ወይም ወደ ጎዳናው ይወርዳል። ቀን ያመቀውን ሙቀት ማታ ይለቀዋል። መሃሉ ላይ ዛፍ ቢተከል እንኳ ሥሩ አየርና ውሃ ያጣል። ንጣፍ ለሚረገጥና ለሚቀመጡበት ቦታ ይበቃል። ሁለት ሰው እየተጨዋወተ ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ 1.2 ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ያስኬዳል። ሰው በተፈጥሮው የሚያቋርጥበትን መስመር ይከተሉ። አለዚያ ሳሩን እየረገጠ የራሱን መንገድ ያወጣል። ንጣፉም በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከቤቱ ይራቅ፤ ውሃውን ተክሉ ይጠጣው።

መቀመጫው የት እንደሚሆን ከዛፉ በፊት ይወሰን። በየመስኮቱ ቆመውም ወደ ውጭ ይመልከቱ፤ ግቢዎን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ተክሉ እንምጣ። አበባ የሳምንታት ነገር ነው፤ ቅጠልና ቅርጽ ግን ይቆያሉ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተውን፣ በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራውን የሃይ ላይን ፓርክ ተከላ የነደፈው ሆላንዳዊው ፒት አውዶልፍ የሚታወቀው በዚህ ነው፦ ተክልን በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በቁመናውና ከአበባ በኋላ በሚተርፈው ዘር ጭምር ይመርጣል። በቤትም ይሠራል። ሰፊ ቅጠል ካለው ካና አጠገብ ቀጭን ረጅም ሳር ሲቆም አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። ሳሩን ከመቀመጫዎ በስተምዕራብ ይትከሉት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ ከኋላው ይመጣና ዛላው ላይ ያለው ስስ ፀጉር ሁሉ ይበራል። ይህን ውበት ውድ አበባ አይሰጥም።

ከየዓይነቱ አንድ አንድ መግዛትም ይቅር። ጥቂት ዓይነት መርጦ ሦስትም አምስትም አድርጎ በአንድ ላይ መትከል ዓይንን ያሳርፋል። ሠዓሊ የነበረችው እንግሊዛዊቷ የአትክልት ስፍራ ነዳፊ ገርትሩድ ጂኪል (እ.ኤ.አ. 1843-1932) ተክሎቿን ረዘም ባሉ ስብስቦች ታሰልፍ ነበር፤ መደቡ ዳርና ዳር ላይ እንደ ሰማያዊ ያሉ ቀዝቃዛ ቀለሞች፣ መሃሉ ላይ ቀይና ብርቱካናማ።

ልጆችና እንስሳት ባሉበት ቤት ኦሊያንደር ባይኖር እመርጣለሁ። ቆንጆ ነው፤ ግን ቅጠሉም ግንዱም አበባውም መርዝ ነው። የወፍ ቆሎም (ላንታና) እንዲሁ አያታልልዎ። አበባው ደስ ይላል፤ ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየሜዳው ይበትኑታል፤ በብዙ አገር ወራሪ አረም ሆኗል።

ተክለው ሲጨርሱ አፈሩን ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጉዝጓዝ ይሸፍኑት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ውሃውን በየቀኑ ከመርጨት አልፎ አልፎ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግቢው ባዶ ባዶ ይላል። ያኔ ቶሎ ይሙላ ብሎ ቁጥቋጦዎቹን ማጠጋጋት አያስፈልግም። በየርቀታቸው ይቀመጡና ክፍተቱን በዚኒያና በማሪጎልድ ይሙሉት። ከዘር ተነስተው በሁለት ወር ገደማ ያብባሉ፤ የጠወለገውን ሲቆርጡላቸው ደግሞ ሌላ ያወጣሉ። በቀጣዩ ወቅት ቀለም መቀየር ቢያሰኝዎት የሚነቀሉት እነሱ ብቻ ናቸው።