ኖራው ሳይቀድመን የአፈራችንን አሻራ እንመዝግብ

በደጋማው የአገራችን ክፍል የአፈር አሲዳማነት ገበሬውን ምን ያህል እንደጎዳው የግብርና ባለሙያዎች ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። ዝናብ የሚበዛበት አፈር ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ እየታጠበ ሲሄድበት፣ በውስጡ የሚሟሟው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ይታሰርና ማዳበሪያ ቢጨመርም ገብሱና ስንዴው ቀጭጮ ይቀራል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ፈጭቶ በማሳው ላይ መበተንና ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ። ይህ ሥራ እየሰፋ ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ፣ ኖራ በገባበት ማሳ ሁሉ ተመልሶ የማይገኝ አንድ መረጃ መጥፋቱና ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው አለመስማቴ ነው። መረጃው የአፈሩ የስትሮንቲየም አሻራ ነው፤ ማለትም አፈሩ ከተገኘበት ድንጋይ የወረሰው፣ በላዩ የበቀለና ያደገ ሁሉ ከየት እንደመጣ የሚጠቁም የንጥረ ነገር ምልክት።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ኬሚስትሪ ስንማር፣ ስትሮንቲየም ከካልሲየም በታችና ከባሪየም በላይ የተቀመጠ 38ኛው ንጥረ ነገር ከመሆኑ ያለፈ ብዙ አልተነገረንም። ስሙን የሰሙ ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሱት ከኒውክሌር ቦምብ ጋር አያይዘው ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ስትሮንቲየም 90 የዩራኒየም ወይም የፕሉቶኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚፈጠር፣ ግማሽ ዕድሜው 29 ዓመት ገደማ የሆነ ጨረር አመንጪ ነው። ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር እንደ ካልሲየም ስለሚቀበለው፣ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት፣ ከወተትም ወደ ልጅ አጥንትና ጥርስ ይሸጋገራል። እ.ኤ.አ. ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሳይንቲስቶችና ወላጆች ተባብረው፣ እኛ ጣሪያ ላይ የምንወረውረውን የወተት ጥርስ በመቶ ሺዎች ሰብስበው አስለኩ። ውጤቱም የቦምብ ሙከራው ርዝራዥ በልጆቻቸው ሰውነት ውስጥ መግባቱን በማያሻማ ሁኔታ አሳየ፤ በ1963 በከባቢ አየር የሚካሄድ ሙከራን የሚከለክለው ስምምነት እንዲፈረም ከገፋፉት ነገሮችም አንዱ ሆነ።

የእኔ ጉዳይ ግን ጨረር ስለማያመነጨው፣ በተፈጥሮ በየድንጋዩ ስላለው ስትሮንቲየም ነው። እሱ ክብደታቸው 84፣ 86፣ 87 እና 88 የሆኑ አራት አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች፣ አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 87ኛው እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ ምክንያቱም ሩቢዲየም 87 የተባለው ንጥረ ነገር 49 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በሚደርስ ግማሽ ዕድሜ ቀስ እያለ ወደ እሱ ይለወጣል። ስለዚህ ሩቢዲየም የበዛበት ጥንታዊ ግራናይት ከ86ኛው አንጻር ብዙ 87 ሲኖረው፣ ከምድር ጥልቅ ክፍል የፈለቀ ወጣት ባዛልት ግን ጥቂት ይኖረዋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ ደጋችንን ያነጸው ባዛልት ምጥጥኑ፣ ማለትም 87ኛው ለ86ኛው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ወደ 0.704 የሚጠጋ ነው፤ የዛሬው የውቅያኖስ ውኃ 0.7092 ነው፤ ጥንታዊ ግራናይት ባለበት አገር ደግሞ ከ0.72 በላይ መሄዱ የተለመደ ነው። ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ ሦስተኛና አራተኛ አኃዝ ላይ ስለሆነ ለማያውቀው ሰው ኢምንት ይመስላል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ግን አምስተኛውን አኃዝ ሳይሳሳት ያነባል። የዕፅዋት ሥር ይህን ምጥጥን ከአፈሩ እንዳለ ይወስዳል። ዕፅዋቱን የበላ እንስሳም በጥርሱ ያስቀምጠዋል። የጥርስ ውጫዊ ልባስ በልጅነት ከተሠራ በኋላ ስለማይታደስ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ ያደገበትን አፈር ምልክት ይዞ ይሞታል።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የግብፅን ሙሚ ዝንጀሮዎች ታሪክ ማንሳት ይበቃል። የጥንት ግብፃውያን ዝንጀሮን ቶት ከተባለው የጽሕፈትና የጥበብ አምላካቸው ጋር አያይዘው ያከብሩት ነበር፤ ሲሞትም እንደ ሰው አድርቀው ይገንዙት ነበር። ዝንጀሮ ግን የግብፅ አገር በቀል አውሬ አይደለም። ዕጣንና ከርቤ፣ ወርቅና ዝንጀሮ ይመጣበት የነበረው ፑንት የተባለው አገር የት እንደነበረ ደግሞ ምሁራን ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በእንግሊዝ ቤተ መዘክሮች ከሚገኙ ሙሚዎች ጥቂት የጥርስና የአጥንት ናሙና ወስዶ ስትሮንቲየሙን ለካ፤ ከተለያዩ አገሮች ከመጡ ከ150 በላይ የዘመናችን ዝንጀሮዎችም ጋር አነጻጸረው። «አዲሱ መንግሥት» በሚባለው የጥንታዊት ግብፅ የታሪክ ዘመን ከነበሩት መካከል የሁለቱ ጥርስ የግብፅን አፈር የሚመስል አልነበረም፤ የጠቆመውም ወደ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ፣ እንዲሁም ወደ ሶማሊያና የመን አንዳንድ ክፍሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ደግሞ የአንድ ሌላ ሙሚ ዘርን ከአዱሊስ አቅራቢያ ካለው ምድር ጋር አዛመደው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የጥርሱ ምስክርነት የአምስት አገሮችን ምድር የሚያካትት የሆነው ጥርሱ ስላልተናገረ ሳይሆን፣ ንግግሩን የምናመሳክርበት የአካባቢያችን የስትሮንቲየም ካርታ ሳሳ ያለ በመሆኑ ነው። ካርታው ጥቅጥቅ ያለ ቢሆን መልሱም ይጠብ ነበር።

የዓባይ ደለልም እንዲሁ ነው። በግብፅ ዴልታ ተቆፍሮ የወጣውን ደለል የመረመሩ ሳይንቲስቶች፣ ከእኛ ባዛልት የመጣውን ከነጭ ዓባይ ጥንታዊ ድንጋይ ከመጣው የለዩት በስትሮንቲየም ምጥጥን ነው፤ ባለፉት 7000 ዓመታት የደጋችን ዝናብና የዕፅዋት ሽፋን እንዴት እንደተለዋወጠም ከዚያው አነበቡ። የአፈራችንን ታሪክ የምንማረው ከወረደበት አገር በተቆፈረ ጭቃ መሆኑ እኔን ያሳስበኛል።

ወደ ቡና ልምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ኢትዮጵያ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያደረገችው ሙግት ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው። ስም በሕግ ሲጠበቅ፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም እውነት መሆኑን የሚያጣራ ዘዴም ያስፈልጋል። የቡና ፍሬ የበቀለበትን አፈር ስትሮንቲየም ይይዛል፤ ቢቆላም ምጥጥኑ አይለወጥም። ነገር ግን ይህ ዘዴ ብቻውን ሁሉን ይፈታል ብዬ አንባቢን ማሳሳት አልፈልግም። ተመሳሳይ ባዛልት ላይ የበቀሉ የሁለት ወረዳዎች ቡናዎች በስትሮንቲየም ብቻ ላይለዩ ይችላሉ፤ የሌሎች ንጥረ ነገሮችና አይሶቶፖች ልኬት መታከል ይኖርበታል። በሌላ በኩል በምዕራብ ወለጋ ባለው እጅግ ጥንታዊ ድንጋይ ላይ የበቀለ ቡና፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ከበቀለው የተለየ ምልክት ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው። ይህን ማረጋገጥ የሚቻለውም የየአካባቢው መነሻ ልኬት ሲኖር ብቻ ነው።

የኖራው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዴንማርክ ኤግትቬድ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1921 ከነሐስ ዘመን መቃብር የወጣች አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። በ2015 ተመራማሪዎች የጥርሷን፣ የጥፍሯንና የፀጉሯን ስትሮንቲየም ለክተው ከሩቅ፣ ምናልባትም ከደቡብ ጀርመን፣ የመጣች ናት አሉ፤ ዜናውም በመላው ዓለም ተሰማ። ከአራት ዓመት በኋላ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች በአካባቢው የሚገኙ ጅረቶችንና ኩሬዎችን ውኃ ለኩ። የእርሻ ኖራ የሚያገኘው ውኃና ኖራ ነክቶት የማያውቀው ውኃ የተለያየ ምጥጥን ሆኖ ተገኘ። ያልተነካው ቢወሰድ ወጣቷ ከመቃብሯ ብዙም ሳትርቅ ልትኖር ትችል እንደነበር አሳዩ። ክርክሩ በሁለቱም ወገን ቀጥሏል፤ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ማን ረታ የሚለው አይደለም። ገበሬው ለአሥርት ዓመታት የበተነው ኖራ፣ የሦስት ሺህ ዓመት ጥያቄን ለመመለስ የሚያገለግለውን መለኪያ ሊያዛባ መቻሉ ነው።

የእኛ ሁኔታ ከዴንማርክ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ይመስለኛል። በዓባይ ሸለቆና በሙገር አካባቢ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር በታች የተነጠፈ ስለሆነ፣ የሚይዘው ምጥጥን የዚያን ጊዜ የባሕር ውኃ ምጥጥን፣ ማለትም 0.707 አካባቢ ነው። ይህ ኖራ ባዛልት ወለድ አፈር ላይ ሲበተን ምጥጥኑን ከፍ ያደርጋል፤ ከጥንታዊ ግራናይት በተገኘ አፈር ላይ ሲበተን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱን እርስ በርሳቸው ያቀራርባቸዋል ማለት ነው። በአንድ ቶን የኖራ ድንጋይ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ግራም ስትሮንቲየም ሊኖር ይችላል፤ የሚበተነውም በሄክታር በቶን ነው። አሲዳማ አፈር ደግሞ የራሱ ስትሮንቲየም ከካልሲየሙ ጋር ታጥቦ የሄደበት በመሆኑ ሥር የሚወስደው በአብዛኛው አዲሱን እንግዳ ይሆናል።

መሣሪያው ውድ ነው፣ አገሪቱም ከዚህ የሚብስ ችግር አለባት የሚል ወዳጅ አላጣም፤ ክርክሩንም አልንቀውም። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቤተ ሙከራ፣ በእርዳታ የመጣ የልኬት መሣሪያ የቫኩም ፓምፑ ተበላሽቶ፣ መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽፋኑን ለብሶ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ያንን እያዩ መሥራት ምን ያህል ልብ እንደሚሰብር አልረሳውም። አንድ ቀን የራሳችን የአይሶቶፕ ቤተ ሙከራ እዚሁ አዲስ አበባ እንዲቋቋም እመኛለሁ፤ አሁን የምጠይቀው ግን እሱን አይደለም። መሣሪያ በኋላም ሊገዛ ይችላል። ኖራ ያልነካው ናሙና ግን ዛሬ ካልተሰበሰበ በኋላ በየትኛውም ገንዘብ አይገዛም። ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው ንጹሕ የወረቀት ፖስታ፣ ቦታውን የሚመዘግብ ስልክና ማሳው ኖራ አግኝቶ እንደሆነ ገበሬውን የሚጠይቅ ትሑት ወጣት ነው። ደርቆ የተቀመጠ ቅጠል ስትሮንቲየሙ ለዘመናት አይለወጥም፤ ለአንድ ልኬትም ጥቂት አሥር ሚሊግራም ይበቃል።

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ጥቂት ደቂቃ ሽቅብ የሄደ ሰው ድንቅነሽ ያለችበትን ብሔራዊ ሙዚየም ያገኛል። በደቡብ አፍሪካ ዋሻዎች የተገኙ 19 ጥንታዊ ጥርሶች በስትሮንቲየም ተመርምረው፣ ሴቶቹ ከተወለዱበት አካባቢ ርቀው የመኖር ዝንባሌ እንደነበራቸው የሚጠቁም ውጤት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። የአፋርን ቅሪቶች በተመለከተ ተመሳሳይ ጥያቄ ለማንሳት የሚፈልግ ሁሉ አንድም ጥርስ ሳይነካ በፊት የዛሬውን ሣርና ቁጥቋጦ መለካት ይኖርበታል። ያም የዚያው ካርታ አካል ነው።

ለደጋው ክፍል ግን ከዚህም የሚቀርብ ሀብት አለን። በዚያው በአራት ኪሎ ግቢ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ከመላ አገሪቱ ተለቅመው በወረቀት ላይ የተለጠፉ፣ የተለቀሙበት ቦታና ቀን የተጻፈባቸው ደረቅ ዕፅዋት ይዟል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግቦ ለማሳተም በተደረገው ሰፊ ሥራ የተሰበሰቡትም ከዚያ ይገኛሉ። ከእነዚህ ናሙናዎች ብዙዎቹ የተለቀሙት ኖራ ወደ ማሳዎቹ ከመግባቱ በፊት ነው። በእንዲህ ያሉ ወረቀቶች ላይ ደግሞ ከተክሉ ረግፈው የወደቁ ቁርጥራጮች የሚቀመጡበት ትንሽ ኪስ መለጠፍ የሙያው ልማድ ስለሆነ፣ ዋናውን ናሙና ሳይጎዱ ለልኬት የሚሆን ቅንጣት ማግኘት ይቻላል። በኃላፊዎቹ ፈቃድ፣ ኖራ እየተበተነባቸው ካሉ ወረዳዎች ቀድሞ የተለቀሙ 50 ያህል ናሙናዎች ይመረጡ፤ ሁለት ወይም ሦስት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደ እያንዳንዱ ቦታ ተመልሰው ያንኑ የተክል ዓይነት ዛሬ ይልቀሙ፤ ጥንዶቹም አንድ ላይ ይለኩ። ይህ በአንድ የክረምት ዕረፍት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።